አፉን የከፈተ ይበላል

[ሳሎን። መስኮቱ ሥር፣ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ፣ ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ አባባ ጭናቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው፣ አፋቸውን ግጥም አድርገው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሾርባ የሞላበት ጎድጓዳ ሳህን፣ ላፕቶፕና ማንኪያ የጨበጠ የሮቦት ክንድ። ታላቁ ልጃቸው፣ ቤተሰቡ "ሊቁ" የሚለው፣ ክራቫት አስሮ፣ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይጮኻል። ታናሹ፣ ለሁሉም ነገር "ቆይ ቆይ" ስለሚል "ቆይቆይ" ተብሎ የቀረው፣ ትራስ አቅፎ ቆሟል።]

ሊቁ፦ ትራሱን ማን ነካው?

ቆይቆይ፦ የትኛውን ትራስ?

ሊቁ፦ ያቀፍከውን!

ቆይቆይ፦ [ትራሱን እያገላበጠ] ቆይ ቆይ... ይሄንን? እኔ ነኝ መሰለኝ።

ሊቁ፦ "መሰለኝ" ይላል እንዴ! እጅህ ላይ እኮ ነው!

ቆይቆይ፦ አባባን ጀርባቸውን የቆረቆራቸው መስሎኝ ላራግፈው ነው ጋሼ።

ሊቁ፦ አይራገፍም! ያ ትራስ፣ ትራስ አይደለም። የስሌቱ መሠረት ነው! አባባ እሱን ተደግፈው ነው አፋቸው የት እንዳለ የለካሁት። አሁን አንተ ስታወጣው አፋቸው ወደ ኋላ ሄደ።

ቆይቆይ፦ [ጎንበስ ብሎ አባባን እያየ] ኧረ እዚሁ ነው ጋሼ። ከአፍንጫቸው ሥር።

ሊቁ፦ ለአንተ እዚያው ነው! ለክንዱ ግን አፍ ማለት ቁጥር ነው። ቁጥሩ በጣት ስፋት ከተሳሳተ ሾርባው አንገታቸው ውስጥ ነው የሚገባው። ትናንት ምን እንደሆነ ረሳኸው?

ቆይቆይ፦ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው የገባው። መነጽራቸው እስካሁን ካሮት ካሮት ይሸታል።

ሊቁ፦ ሳቅ! ሳቅ አንተ! እህታችን ዛሬ ጠዋት ምን ብላ እንደወጣች ሰምተሃል አይደል?

ቆይቆይ፦ ከሥራ ስመለስ ይሄ ሳህን ባዶ ሆኖ ካልጠበቀኝ፣ ነገ በማለዳ ሆስፒታል አስተኝቻቸው በአፍንጫቸው በቱቦ...

ሊቁ፦ ቀስ ብለህ አውራ፣ ይሰማሉ!

ቆይቆይ፦ [እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ በዚያው ድምፅ] በቱቦ ነው የማስመግባቸው አለች።

[አባባ ዐይናቸውን ወደ መስኮቱ ይመልሳሉ።]

ቆይቆይ፦ ጋሼ፣ እኔ በእጄ ልሞክር?

ሊቁ፦ ያልሞከርነው ነገር አለ? እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ "እንደ ሕፃን በሰው እጅ አልበላም" ብለዋል። መጀመሪያ በኩባያ ፉት እያሉ ይውሉ ነበር። አሁን እሱንም ተዉት።

ቆይቆይ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው የተዉት?

ሊቁ፦ እኔ ይሄን ክንድ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ወዲህ። አየህ፣ ባልጀምረው ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? በል ሜትሩን ያዝ። እንደገና እንለካለን።

ቆይቆይ፦ ትናንትም ለክተናል እኮ። ከትናንት ወዲያም።

ሊቁ፦ ያዝ አልኩህ! ከአናታቸው እስከ አገጫቸው።

ቆይቆይ፦ [የሜትሩን ጫፍ አባባ አናት ላይ ይዞ] ይቅርታ አባባ።

ሊቁ፦ ከትከሻ ትከሻ።

ቆይቆይ፦ ትከሻ ደግሞ ለምንድን ነው?

ሊቁ፦ ክንዱ ሲመጣ እንዳይጋጭ! አሁን ደግሞ ቁመት። እግራቸውን ዘርጋ።

ቆይቆይ፦ ጋሼ፣ በእግራቸው ነው እንዴ የሚበሉት?

ሊቁ፦ እግራቸውን ሲዘረጉ ወገባቸው ይንሸራተታል፤ ወገብ ሲንሸራተት አንገት ይወርዳል፤ አንገት ሲወርድ አፍ ይወርዳል። ሁሉም ነገር የተያያዘ ነው!

[አባባ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ።]

ቆይቆይ፦ አባባ የከፋቸው ይመስለኛል።

ሊቁ፦ አልከፋቸውም፤ እንዳይነቃነቁ እየተባበሩን ነው። ዞር በል፣ ላበራው ነው።

[ክንዱ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ይነክራል፤ ይነሳል፤ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጲጵ ጲጵ ይላል።]

ቆይቆይ፦ ምን ሆነ?

ሊቁ፦ እያሰበ ነው። የርቀቱ ሴንሰር "ደርሰናል" እያለ ነው። ካሜራው "ገና ነን" ይላል። የክብደቱ ሴንሰር "ሾርባው እየፈሰሰ ነው" ይላል፤ የሙቀቱ ደግሞ "ቀዘቀዘ" ይላል።

ቆይቆይ፦ ማን ነው የሚወስነው?

ሊቁ፦ ሁሉም ሲስማሙ ነው።

ቆይቆይ፦ እንዲህ ከሆነማ የዘመድ ስብሰባ ነው በለኝ! ለግድግዳው ቀለም የተሰበሰብን ጊዜ አጎቶቻችን ሊስማሙ ነው ስንል መሸ። ይኸው ግድግዳው እስከ ዛሬ አልተቀባም።

ሊቁ፦ ዝም ብለህ ጠብቅ። ሳይንስ ትዕግሥት ይፈልጋል።

[አባባ ዐይናቸውን ገልጠው ወደ መስኮቱ ዞር ይላሉ። በዚያው ቅጽበት ክንዱ ይወረወርና ሾርባውን ጆሯቸው ላይ ይደፋል።]

ሊቁ፦ ተስማሙ!

ቆይቆይ፦ [በፎጣ ለመጥረግ እየሮጠ] ጆሮ ላይ ነው የተስማሙት ጋሼ!

ሊቁ፦ አባባ! ለምን ዞር አሉ? አፍዎ በነበረበት ቦታ እኮ አሁን ጆሮዎ ነው ያለው!

ቆይቆይ፦ ሰው ናቸው፣ ይዞራሉ እኮ። ደግሞ ቢያስሉስ?

ሊቁ፦ ለሳል ሌላ ስሌት እንሠራለን።

ቆይቆይ፦ ቢያስነጥሱስ?

ሊቁ፦ ለማስነጠስም!

ቆይቆይ፦ አንገታቸውን ቢበላቸውና ቢያኩስ?

ሊቁ፦ [ሜትሩን መሬት ላይ ይወረውራል] በቃ! በቃኝ! ሂድ ኮሪደር ላይ ያለውን ሳጥን ጎትተህ አምጣ።

ቆይቆይ፦ ምን ልናደርግ?

ሊቁ፦ ምን ይደረጋል? መክተት ነው፣ መሸኘት ነው! ከዚህ በላይ የሚደረግ ነገር የለም። ማን ይሙት፣ እኔ የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ።

[አባባ ዐይናቸው ይፈጣል። የወንበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይይዛሉ። ሊቁ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይይዛል።]

ቆይቆይ፦ ጋሼ።

ሊቁ፦ ተወኝ።

ቆይቆይ፦ ዝንብ።

ሊቁ፦ ተወኝ አልኩህ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው።

ቆይቆይ፦ ሾርባው ላይ ልታርፍ ነው እኮ። [ሳህኑን በቀስታ ወደ ጎን ይገፋል] አመለጥናት... ኧረ መጣች። [ወደ ሌላው ጎን ይገፋል] አሁንስ... ይኸው፣ እዚህም መጣች። ምን ዐይነቷ ናት! ብወስደው ብመልሰው ታገኘዋለች።

ሊቁ፦ [ቀና ይላል] ምን አልክ?

ቆይቆይ፦ ምንም አላልኩም። ዝንቧን ነው።

ሊቁ፦ [ተንፏቆ ወደ ጠረጴዛው እየተጠጋ] ሜትር ይዛለች?

ቆይቆይ፦ [ጠጋ ብሎ እያየ] አልያዘችም።

ሊቁ፦ ትራሱ ጠዋት የት እንደነበረ ታውቃለች?

ቆይቆይ፦ ዝንቧ? ከየት አውቃ!

ሊቁ፦ ላፕቶፕስ አላት?

ቆይቆይ፦ ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልህ?

ሊቁ፦ [ዘሎ ይነሳል] ታያለች፣ ትጠጋለች! እንደገና ታያለች፣ እንደገና ትጠጋለች! ሳህኑ ሲሄድ አብራ ትሄዳለች። ሳህኑ ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ ለምን ትጨነቃለች? እኔ ነኝ የምጨነቀው! ቆይቆይ፣ ይሄን ሁሉ ገመድ ንቀለው!

ቆይቆይ፦ የትኛውን?

ሊቁ፦ ሁሉንም! የርቀቱን ንቀል!

ቆይቆይ፦ ቆይ ቆይ... የክብደቱስ?

ሊቁ፦ ንቀል!

ቆይቆይ፦ የሙቀቱንም ልንቀለው? ሾርባው ቢያቃጥላቸውስ?

ሊቁ፦ በጣትህ ነካ አድርገው! እጁ ላይ ያለችው ካሜራ ብቻ ትቅር። [ላፕቶፑ ላይ እየጻፈ] አንድ ትእዛዝ ብቻ። "ክፍት አፍ ፈልግ። አፉ ወደ ግራ ከታየህ ወደ ግራ ሂድ፣ ወደ ቀኝ ከታየህ ወደ ቀኝ። መሐል ላይ ሲሆን ቅረብ። ከተዘጋ ቁም።" አለቀ! ሕፃን ልጅ የሚገባው ነገር!

ቆይቆይ፦ የማንን አፍ?

ሊቁ፦ ክፍት አፍ አልኩህ።

ቆይቆይ፦ እሺ፣ ክፍት አፍ። ግን የማንን?

ሊቁ፦ አቤት ድርቅናህ! አፉን የሚከፍተው ሾርባ የሚፈልግ ሰው ነው። ሾርባ የማይፈልግ ሰው አፉን ከፍቶ ምን ይሠራል? [ክንዱን ያበራል] አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። የዚህ አሠራር ውበቱ ምኑ ላይ ነው መሰለህ...

[ክንዱ ማንኪያውን ይነክራል፤ ይዞራል፤ ሾርባውን ሊቁ አፍ ውስጥ ይጨምራል።]

ሊቁ፦ [ውጦ፣ እያሳለ] ምንድን ነው ይሄ!

ቆይቆይ፦ ሾርባ ነው ጋሼ። እንዴት ነው?

ሊቁ፦ ጨው አንሶታል። እሱን አይደለም ያልኩህ! እኔ ያልኩት...

[ክንዱ ያጎርሰዋል።]

ቆይቆይ፦ ጎበዝ ነው። ጆሮህን እንኳ አልነካህም።

ሊቁ፦ አጥፋው! ማብሪያው...

[ክንዱ ያጎርሰዋል። ሊቁ አፉን በሁለት እጁ ይሸፍናል፤ ክንዱ ማንኪያውን አንጠልጥሎ ይቆማል። ሊቁ በጣቶቹ መሐል ይናገራል።]

ሊቁ፦ ገባኝ። የእኔ አፍ ነው ያሳሳተው። ከአሁን በኋላ አባባ አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ማንም ሰው አፉን እንዳይከፍት! ሰማይ ቢደፋ እንዳትናገር! ገባህ?

[ቆይቆይ "ገባኝ" ሊል አፉን ይከፍትና ቶሎ ብሎ ትራሱን ይለጥፍበታል። ሦስቱም አፋቸውን ዘግተው ይጠብቃሉ። ክንዱ አባባን ያያል፤ ተዘግቷል። ሊቁን ያያል፤ ተዘግቷል። ወደ ታች ጎንበስ ይላል። የቆይቆይ የቀኝ ጫማ ሶሉ ከፊት ተላቆ እንደ አፍ ተከፍቷል። ክንዱ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ መሐል ላይ አድርጎ ይጠጋል። ቆይቆይ እግሩን ወደ ኋላ ይስባል፤ ክንዱ ይከተለዋል። ቆይቆይ ለሊቁ በእጁ ጫማውን ያመለክታል። ሊቁ በእጁ "ዝም በል" ይለዋል። ክንዱ ጫማውን ያጎርሰዋል። ተመልሶ ነክሮ ይደግመዋል። ቆይቆይ ትራሱን ነክሶ እንባ በዐይኑ ሞልቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል።]

ሊቁ፦ [አላስቻለውም] ጫማህን ነው እኮ የሚያበላው! ሰው እግሩ በሾርባ ሲርስ እንዴት ዝም ይላል? ለምን አልተናገ...

[ክንዱ ዞሮ ሊቁን ያጎርሰዋል። ሾርባው በአፍንጫው ይወጣል። አባባ ብርድ ልብሳቸው ይንቀጠቀጣል፤ ትከሻቸው ይነቃነቃል፤ በመጨረሻ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ክንዱ ይነክራል፤ ይዞራል። አባባ እየሳቁ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ማንኪያውም ወዲያና ወዲህ ይላል። ይደርሳል። ያጎርሳቸዋል። አባባ ይውጣሉ።]

ቆይቆይ፦ [በትራሱ ውስጥ] ዋጡ!

[ሊቁ ሊጮህ ሲል አፉን አፍኖ ቦታው ላይ ይዘላል።]

ቆይቆይ፦ [በትራሱ ውስጥ] ጋሼ፣ እንደገና ተናደድ።

ሊቁ፦ ሰው በትእዛዝ ይናደ...

[ክንዱ ያጎርሰዋል። አባባ ይስቃሉ። ክንዱ እሳቸውንም ያጎርሳቸዋል።]

ቆይቆይ፦ ጋሼ፣ ቅድም ትራሱን አራግፌዋለሁ።

ሊቁ፦ ትራስ አይራገ...

[ያጎርሰዋል። አባባ ይስቃሉ፤ ይጎርሳሉ።]

ቆይቆይ፦ ሴንሰሮቹንም ስነቅል አንዱ ተሰብሯል።

ሊቁ፦ የትኛው? የትኛው ነው የተሰ...

[ያጎርሰዋል። አባባ ጎናቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ይጎርሳሉ። ሊቁ በመጨረሻ ነገሩ ይገባዋል፤ አባቱ በበሉ ቁጥር ለመናደድ ራሱን ያዘጋጃል፤ ክራቫቱን ሳይቀር ያላላል። እንዲህ እየተባለ ማንኪያው የሳህኑን ወለል ይፍቃል። ክንዱ የሚነክረው አጥቶ ይቆማል።]

ቆይቆይ፦ [ትራሱን አውርዶ ሳህኑን እያዘነበለ] ባዶ ነው! ግን ጋሼ... ግማሹ ያለው አንተ ሆድ ውስጥ ነው። ትንሽ ደግሞ ጫማዬ ውስጥ። ለእህታችን ምን ልንላት ነው?

አባባ፦ ከድስቱ ጨምርልኝ።

[ሁለቱም ወደ አባባ ዞር ይላሉ።]

ሊቁ፦ አባባ... ጨምርልኝ አሉ? ተናገሩ እኮ! [እንባው ይመጣል] ሰማህ? ጨምርልኝ አሉ! እኔ እኮ ነገ በዚያ በቱቦ... ሌሊቱን ሙሉ ዐይኔን አልከደንኩም እኮ አባባ! በቃ፣ ማሽኑ አዳናቸው! የእኔ ማሽን!

ቆይቆይ፦ ቆይ ቆይ። አባባ፣ እስካሁንስ ለምን እምቢ አሉ?

አባባ፦ ለሚሞት ሰው ሾርባ ምን ያደርግለታል? ላባክነው?

ሊቁ፦ ማን ነው የሚሞተው?

አባባ፦ እኔ ነኛ! ስትለካኝ አልነበረም እንዴ?

ሊቁ፦ ስለካዎት... ታዲያ?

አባባ፦ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለሱሪ አናት አይለካም። ለኮት አገጭ አይለካም። እግር አዘርግቶ ከአናት እስከ ተረከዝ የሚለካ ምን ልብስ አለ? ለሳጥን ነው እንጂ!

ሊቁ፦ ለሬሳ ሳጥን መሰለዎት?

አባባ፦ ይሄን ልጅ ጠየቅሁት፤ "ምን ልታደርጉ ነው የምትለኩኝ?" አልኩት። "ሲያልቅ ያዩታል" አለኝ።

ቆይቆይ፦ ጋሼ ነው እንዳትነግራቸው ያለኝ!

ሊቁ፦ ቀድመው እንዳይቃወሙ ብዬ እኮ ነው!

አባባ፦ "የት ነው የሚሠራው?" አልኩት። "ሳጥኑ አናጺው ጋ ነው፣ ነገ ይመጣል" አለኝ።

ቆይቆይ፦ እውነቴን እኮ ነው! ክንዱን ከፋብሪካው የምናመጣበት ሳጥን አናጺው ጋ ነበር!

አባባ፦ መጣ። ረጅም፣ ጠባብ፣ ክዳን ያለው። ኮሪደሩ ላይ በቁመቴ ተጋደመ። ለሽንት በወጣሁ ቁጥር እሱን ተሻግሬ ነው የምሄደው። ዛሬ ደግሞ ይሄ ታላቁ "መክተት ነው፣ መሸኘት ነው" ሲል በቁሜ ሊከቱኝ ነው ብዬ ወንበሩን ጨበጥኩ።

ሊቁ፦ [ወንበር ላይ ዘፍ ይላል] ወይኔ! ክንዱን ወደ ፋብሪካው ልመልሰው ብዬ እኮ ነው! እኔው ነኝ ምግብ ያስጠላኋቸው። እኔው አስርቤ፣ እኔው ማብሊያ ማሽን ስሠራ! አባባ፣ በሞቴ፣ ለምን አልጠየቁኝም? አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብቻ!

አባባ፦ አፍህ መቼ ተዘግቶልኝ ልጠይቅህ?

[ቆይቆይ ሳህኑን ሞልቶ መልሶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ሊቁ ሊመልስ አፉን ይከፍታል። ክንዱ ማንኪያውን ነክሮ ወደ እሱ ይዞራል። ሊቁ አፉን ይዘጋል።]

ቆይቆይ፦ ጋሼ ዝም አለ!

አባባ፦ ይሄን ክንድ ከዚህ ቤት እንዳታወጡብኝ። እኔን ማብላቱ ምርቃት ነው፤ ዋና ሥራውስ እሱን ዝም ማሰኘቱ ነው።

[አባባ ተደላድለው ይቀመጡና አፋቸውን በሰፊው ይከፍታሉ። ክንዱ ወደ እሳቸው ይዞራል።]